አልወርድ ያለችው ቀስት

ባሌ ተስፋሚካኤል ያቺን ሚጢጢ መኪና ከአዲስ አበባ እየነዳ ደብረ ብርሃን ያስገባት ዕለት፣ የሰፈራችን ሰው በር በሩን ከፍቶ ወጥቶ ሳቀባት። ነጭ ናት፤ አፍንጫዋ ደፍጠጥ ያለ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ጉልበቱን አገጩ ድረስ ካላጠፈ የማትበቃው። ወዲያው «ቁንጫ» የሚል ስም ወጣላት። አንዱ ጎረቤታችን «መምህር፣ የጣርማ በር ንፋስ የመጣ ቀን በገመድ እሰራት እንጂ ይዟት ይሄዳል!» አለው። ተስፋሚካኤል ፊዚክስ አስተማሪ ነው። ሲቀልዱበት አይናደድም፤ ያስረዳል።

«ሳቁ፣ ግድ የለም። ጥቂት ዓመት ቆዩና እንተያያለን» አላቸው። «አስተማሪውም፣ ነርሷም፣ ባለ ሱቁም በእንዲህ ያለች መኪና ነው የሚሄደው። ትልልቁን መኪና ከእንግዲህ ማን ነዳጅ ያጠጣዋል? ሙሉ ኤሌክትሪኩን እንዳንገዛ አባቴ ዘንድ ጎረቤላ ስንደርስ መብራት ጠፍቶ ይጠብቀናል። ይቺ ግን ቤንዚንም ባትሪም አላት፤ ሁለቱን እያቀያየረች ትሄዳለች። ጠብታ ነው የምትጠጣው።»

የሸጠለት ሰው እሱ ራሱ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ስለተሸጋገረ በርካሽ ለቀቃት። እኔም መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ለምን አይለኝ? የአስተማሪ ሚስት ሆኜ በራሴ መኪና ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስታዬ ሳምንትም አልቆየም።

ትርሲት እባላለሁ። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ፀጉር ቤት ቀኑን ሙሉ የሚወራው ምን እንደሆነ ለሴት መንገር አያስፈልግም፤ ወንድ ደግሞ ባያውቀው ይሻለዋል። የዚያች ባል እንዲህ አደረጋት፣ የዚህችኛው በጎን ልጅ ተገኘበት። ሌላው ሰው እየሰማ ይስቃል። እኔ ግን ልጅ ገና አላገኘሁም። ስለዚህ «በጎን ልጅ ተገኘበት» በተባለ ቁጥር እጄ የደንበኛዬን ፀጉር አጥብቆ ይይዛል፤ «ኧረ ቀስ!» ይሉኛል።

ተስፋሚካኤል ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤላ ይሄዳል። አባቱ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ እዚያ አንኮበር ወረዳ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ጆሯቸውም ዓይናቸውን ተከትሎ እየደከመ ነው። ልጃቸው ልብሳቸውን ያጥብላቸዋል፣ ውኃ ይቀዳላቸዋል፣ መጽሐፍ ያነብላቸዋል። እኔ አብሬው እንዳልሄድ ቅዳሜ የፀጉር ቤት ትልቁ ቀን ነው፤ ሙሽራ አለ፣ ሚዜ አለ። በሚኒባስ ይመላለስ በነበረበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩትም። አቧራ ለብሶ፣ ወገቡ ተቀጥቅጦ ሲገባ ሰው ሄዶ እንደመጣ ያስታውቃል። ጥርጣሬው የመጣው ከመኪናዋ ጋር ነው።

ለዚህ ደግሞ አባቴን ማወቅ ያስፈልጋል። አባቴ ገዛኸኝ ዕድሜውን ሙሉ ባለ ጭነት መኪና ነበር። አሮጌ ኤንትሬ ነበረችው፤ ሾፌር ቀጥሮ ደሴ ድረስ ያመላልሳታል። የመኪና ባለቤት ሾፌሩ ነዳጅ ቀድቶ እንዳይሸጥበት በምን ያውቃል? አባቴ መኪናዋ ከመሄዷ በፊት ዘንግ ታንከሩ ውስጥ ከትቶ ይለካል፤ ስትመለስ እንደገና ይለካል። ነዳጁ ከበዛ ሾፌሩ ጭነቱን ከመንገድ አራግፎ ተመልሷል፤ ካነሰ ሸጦታል። «የሾፌር አፍ አልሰማም፤ እኔ የምሰማው ታንከሩን ነው» ይል ነበር። ስንቱን በዚህ አባሯል። እኔም ያደግሁት ዘንጉን እየጠረግሁ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ተስፋሚካኤል ከጎረቤላ ሲመለስ፣ እሱ እግሩን ሊታጠብ ሲገባ፣ እኔ ሳላስበው መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን አዞርኩና ጌጁን አየሁ። የነዳጇ ቀስት ጠዋት የነበረችበት ቦታ ናት ማለት ይቻላል። ጎረቤላ ሄዶ የመጣ መኪና! ለራሴ «ዝም በይ፣ አዲስ ነገር ነው» አልኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜም ያው። ያን ጊዜ ወደ አባቴ ሄድኩ።

አባቴ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጣና መኪናዋን እየዞረ ተመለከታት። ተስፋሚካኤል ሊያስረዳው አብሮት ይዞራል።

«ባትሪ አላት ነው የምትለኝ?» አለው አባቴ።

«አላት፣ ጋሼ። ትልቁ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው።»

«የኤሌክትሪክ መኪና አይቻለሁ፤ ገመድ አለው፣ ይሰካል። ይቺ የት ነው የምትሰካው?»

«አትሰካም። ፍሬን ሲይዙ፣ ቁልቁለት ስትወርድ፣ ጎማው ራሱ ባትሪውን ይሞላዋል።»

አባቴ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ ያ ሽማግሌ ሰውዬ ነጠላውን ለእኔ ሰጥቶ በጀርባው መሬት ላይ ተንጋለለና ከመኪናዋ ሥር ገባ። ከፊት ፈለገ፣ ከኋላ ፈለገ፣ የነዳጅ መክደኛውን ከፍቶ በጣቱ ዳበሰ። መሰኪያ የለም። ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና «እሺ መምህር፣ ደግ» ብቻ አለ። አባቴ ሾፌር ሊያባርር ሲል እንዲህ ነበር የሚለው።

ወደ በሩ ስሸኘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሚኝ፣ ልጄ። ፍሬን ስለያዘ ነዳጅ የሚሞላ መኪና ቢኖር ኖሮ መኪናዬ ጣርማ በርን ስትወርድ እኔ ባለ ማደያ እሆን ነበር» አለኝ። «ይህ ሰውዬ ጎረቤላ አይደርስም። የሚሄድበት ቦታ ካለ እዚሁ ቅርብ ነው።»

ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደፈላ ግን አላወቅሁም፤ በአባቴ ነው ወይስ በባሌ?

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ማንም አላዘዘኝም። አንድ ዐርብ ከፀጉር ቤት ቀዩን የጥፍር ቀለም ይዤ መጣሁና ጌጁን በሸፈነው ፕላስቲክ ላይ፣ ቀስቷ ጫፍ ትክክል፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ነጥብ ቀባሁ። ጥፍሬ ላይም ያው ቀለም ነበር። ቅዳሜ ሄደ፤ መጣ። ቀስቷ ከነጥቧ ፎቀቅ አላለችም ብል ማጋነን አይሆንም። «አባዬ እንዴት ናቸው?» አልኩት። «ደህና ናቸው፤ ጉንፋን ይዟቸዋል፤ ሰላም ብለውሻል» አለኝ። ዓይኑን እያየሁ ሰማሁት። አንድ ውሸታም እንዲህ ረጋ ብሎ ይዋሻል ብዬ ተደነቅሁበት።

ሸሚዙን አሸተትኩ፤ የጭስ ሽታ አለው። ጭስ ደግሞ የትኛውም ቤት አለ። ስልኩ ላይ ደወልኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አይሠራም። ጎረቤላ ኔትወርክ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ግን አንድ ሰው ስልኩን መዝጋት ሲፈልግም ያው ነው የሚባለው። አባቱ ስልክ የላቸውም። ቢኖራቸውስ? አባት ለልጁ ያልዋሸ ለማን ይዋሻል? ቀስ በቀስ ባሌ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ማስረጃ ሆነ። ዝም ካለ የሚያስባት አለች፤ ከሳቀ ያስደሰተችው አለች። የጎመን ዐምሮት እንኳ ቢመጣበት ማን አስለመደው ብዬ እጠይቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ፀጉር ቤት ድረስ መጣ። ደንበኞች ስለነበሩ ወደ ውጭ ጠራኝ።

«መኪናችሁን አየኋት» አለኝ።

«የት?»

«ከተፈናቃዮቹ ካምፕ ማዶ፣ በአዲስ አበባ መውጫ። ብቻውን ነው። መኪናዋ ትሄዳለች፣ ትዞራለች፣ ትመለሳለች። ሰው የሚጠብቅ ሰው ነው እንዲህ የሚዞረው።»

ካምፑ ዘንድ ከወለጋ የተፈናቀሉ ሴቶች፣ ባላቸውን ያጡ፣ ልጅ የታቀፉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ፀጉር ቤት የሚመጡም አሉ። አንዷን መልኳን ሁሉ ሳልኩላት፤ ስም ብቻ ነው ያላወጣሁላት። በዚያ ቀን ማታ ጌጁን ሳይ ደግሞ ቀስቷ ከነጥቧ በጣም ወርዳለች። ታዲያ ሌላ ጊዜ ሳትወርድ የት ነበረ፤ ዛሬ ደግሞ የት ተሂዶ ነው የወረደችው? ባትወርድ ጥፋት ነበር፤ ብትወርድም ጥፋት ሆነ። ይህ የሚያስቅ ነገር መሆኑ ያን ጊዜ አልታየኝም።

ራት ላይ «ዛሬ የት ነበርክ?» አልኩት።

«ጎረቤላ።»

«ከዚያስ በኋላ?»

እንጀራውን ቆርሶ ይዞ ዝም አለ፤ ፊቱ ቀላ። በሕይወቴ ተስፋሚካኤል ሲያፍር አይቼው አላውቅም ነበር። በቃ፣ ያዝኩት አልኩ። ያን ሌሊት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

ዐርብ ማታ አሮጌዋን ነጥብ ፍቄ ቀስቷ ባለችበት አዲስ ነጥብ ቀባሁ። በማግሥቱ ቅዳሜ እሱ ከሄደ በኋላ የፀጉር ቤቱን ቁልፍ ለሠራተኛዬ ለወለተሐና ሰጥቼ የጎረቤላ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ጎረቤላ ደርሼ ያቺን ቁንጫ መኪና ካጣኋት አለቀ። ከአባቱ ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደ አባቴ ቤት ነው የምሄደው። ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት ባልቴት «ልጄ፣ ለቅሶ ነው?» አሉኝ። ፊቴ ያን ያህል ነበር ማለት ነው። «ገና ነው» አልኳቸው፤ ሴትዮዋ አማተቡ።

ጎረቤላ ወርጄ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ወደ መሪጌታ ግቢ ስቀርብ፣ አጥሩ ጥግ ነጭ ነገር ታየኝ። ቆምኩ። እሷ ናት። ጎማዋ ድረስ ጭቃ ለብሳ፣ መስኮቷ ላይ ጤዛ አዝላ ቆማለች። ዙሪያዬን አየሁና በሩን ሞከርኩት፤ አልተቆለፈም። ቁልፉ እዚያው ነው፤ በዚህ አገር ማን ይሰርቃታል? አዞርኩት። ቀስቷ ከቀይ ነጥቤ ጋር ትክክል ናት።

ጎረቤላ ድረስ መጥታ ቀስቷ አልወረደችም። እንዲህ ያለ መኪና አለ። ባሌ ያለኝ ሁሉ እውነት ነበር፤ ቁልቁለቱም፣ ፍሬኑም፣ ባትሪውም። መሪውን ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ደስታው እንባ አመጣብኝ። ገብቼ አንገቱ ላይ ልጠመጠም፣ ምን ሰበብ እንደምፈጥር እያሰብኩ የቤቱን በር ገፋሁት።

ቤት ውስጥ መሪጌታ ብቻቸውን መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያስላሉ። ተስፋሚካኤል የለም። የእግሬን ኮቴ ሰምተው ቀና አሉ።

«ወለተ ጊዮርጊስ ነሽ?»

ወለተ ጊዮርጊስ ማናት? ይህ ደስታዬ ሁሉ እዚያች በር ላይ ቀረ። የመጣው እውነት ነው፤ ግን ለማን ነው የመጣው? «ትርሲት ነኝ» ብላቸው አማት ለምራት የሚለውን ይሉኛል፤ «ኖርሽ ልጄ» ይሉና ሁሉም ነገር ይሸፈናል። ስለዚህ ድምፄን ጎርነን አድርጌ «እ፣ አዎ» አልኳቸው። ጉንፋኑና የጆሯቸው ድካም ረዳኝ።

«ግቢ፣ ተቀመጪ። ጉልበትሽ ተሻለሽ? በዚህ ጭቃ አትምጪ አላልኩሽም? በእርጅናሽ ወድቀሽ ትሰበሪያለሽ።»

እርጅና። አሮጊት ጎረቤታቸው ናት። ያን ጊዜ ማንነቴን መናገር ነበረብኝ፤ አፌን ከፍቼም ነበር። መሪጌታ ግን ቀድመው መናገር ጀመሩ።

«ልጄ ውኃ ሊቀዳ ወርዷል። ደግ ነው የመጣሽው፤ ልቤን የማወያየው ሰው ፈልጌ ነበር። ለማንም እንዳታወሪ እንጂ።»

መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሚስቱ አታምነውም። መኪናው ውስጥ ቀለም ቀብታ ነው የምትጠብቀው ብልሽ ታምኚኛለሽ? ነዳጁ ከየት እስከ የት እንደወረደ ለማየት። በመጀመሪያው ቀን ነው ያየው። ቀለሙን ጥፍሯ ላይ አይቶ አወቀው።»

ጣቶቼን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኋቸው። ለዓይነ ስውር ሰው።

«መኪናዋ ደግሞ ነዳጅ አትበላም። የማትበላ ሆና ነው የገዛት፣ እኔ ጋ ለመመላለስ ብሎ! ይኸው ባለመብላቷ ተጠረጠረ። ባለፈው ሳምንት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከዚህ ተመልሶ ከተማው ሲደርስ ቤቱ አልገባም። ነዳጁ ይለቅ፣ ቀስቷ ትውረድላት ብሎ ያለ ሥራው በአዲስ አበባ መንገድ ሲዞር አመሸ። ሰው ለቤንዚን ተሰልፎ በሚውልበት አገር እሱ እያቃጠለ ይዞራል። የት ነበርክ ስትለው አፍሮ ዝም አላት። እንዴት ብሎ ይንገራት? ላንቺ ብዬ ቤንዚን ሳቃጥል ነበር ይበላት?»

አፈርኩ። እንዲህ ያለ እፍረት ከእግር ጥፍር ነው የሚነሣው። ግን ክፉ ልብ አልተወኝም፤ እዚያው እየተቃጠልኩ እንኳ ለአንድ አፍታ «ይህን ሁሉ እሱ አስጠንቷቸው ቢሆንስ?» ብዬ አሰብኩ። እኔ እዚህ መምጣቴን ማን ያውቅና ነው የሚያስጠናቸው? ያን ጊዜ ራሴን ፈራሁት።

መሪጌታ ሳሉና አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እኔ እንኳ ስከራከርላት ነው የኖርኩት። ልጅ ናት፣ ልጅ ስላልተሰጣት ትፈራለች፣ ታገሣት አልኩት። ሁለት ጊዜ ታገሠ። ዛሬ ጠዋት ግን ገብቶ እዚሁ አንቺ የተቀመጥሽበት ቦታ ተቀመጠና 'አባ፣ በቃኝ' አለኝ። 'ጥፋት ሠርቼ ቢሆን ይቅርታ እጠይቃት ነበር፤ ካልሠራሁት ጥፋት እንዴት ልመለስ?' አለኝ። እዚህ ትምህርት ቤት ቦታ አለ ብለውታል፤ ዝውውር ጠይቋል። መኪናዋን ለእሷ ትቼላት በሚኒባስ እመጣለሁ ይላል። በመጦሬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልሆነልኝም። ትዳር ነው፣ ወለተ ጊዮርጊስ። ምን ልበለው?»

ምን ልበላቸው? እንዳይሄድ ይንገሩልኝ፣ እኔ ነኝ፣ ትርሲት ነኝ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ። ይህ ሁሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። «እኔ…» አልኩ። በሩ ተከፈተ።

ተስፋሚካኤል ጄሪካን በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎታል። እኔን ሲያይ ቆመ። ጄሪካኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠውና ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ነጠላዬን፣ ጭቃ የነካውን ጫማዬን፣ የሸሸግኋቸውን እጆቼን። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀኝም፤ ገብቶታል። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮህብኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ፊቱ ላይ የነበረው ግን ድካም ብቻ ነው።

«መጣህ ልጄ?» አሉት አባቱ። «እንግዳ አለችን። ወለተ ጊዮርጊስ ናት፤ ስናወጋ ነበር።»

ተስፋሚካኤል ወደ አባቱ ዞረ፤ ከዚያ ወደ እኔ። አንድ ቃል ቢናገር መሪጌታ ምን ያህል እንደሚያፍሩ፣ ያወጉትን ሁሉ ለማን እንዳወጉት እንደሚያውቁ እሱም እኔም እናውቃለን። ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣኝ።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ?» አለኝ፣ አባቱ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። «ቤተሰብ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጭቃ ነው፤ ሳይመሽብዎ ይግቡ።»

በሩንም ከፍቶ ያዘልኝ።